ከኅዳር ጭስ እስከ ቆሼ ጉብታ፤ የከተማችን ጥራጊ ታሪክ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ የዓመት መጽሐፍ ላይ የታሪክ ክበብ አባሎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ያሰብነው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ጥንታውያን ሐውልቶች ለመጻፍ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ስለ ጥራጊ ብንጽፍስ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ ጥራጊ ታሪክ ያለው ነገር መስሎ አልታየንም ነበርና። ነገር ግን ሳቃችን ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት የደረሰብን አንድ ነገር ወዲያው ትዝ አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤታችን አጥር በስተ ጀርባ አንዲት ትንሽ ወንዝ ትወርዳለች። በበጋ ጊዜ ሽታዋ እስከ ክፍላችን ይደርሳል፤ በክረምት ደግሞ ይዛው የምትመጣው ፌስታልና ጨርቅ በአጥሩ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ማንም ሳያስገድደን አካፋና መንሽ ይዘን ወጣን። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሠርተን አርባ አንድ ማዳበሪያ ሞላን። ማዳበሪያዎቹን በወንዙ ዳር ደርድረን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ እየዘፈንን ወደየቤታችን ሄድን።

ሰኞ ጧት ስንመለስ ግን ያየነው ነገር አንገታችንን አስደፋን። የእሑድ ሌሊት ዝናብ ወንዟን ሞልቶ ግማሾቹን ማዳበሪያዎች ወስዶአቸዋል። የቀሩትም ቢሆኑ፣ ባዶ ማዳበሪያ ገበያ ላይ ዋጋ ያለው ስለ ሆነ፣ በውስጣቸው ያለው እዚያው ተደፍቶ ማዳበሪያው ብቻ ተወስዶአል። መኪና መጥቶ ያነሣዋል ብለን ነበር፤ ነገር ግን ለባለ መኪናው የነገረው ሰው አልነበረም። የታሪክ አስተማሪያችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡንም። «ከዚህ ከተነሣ በኋላ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው።

ጥራጊ ወደ አፈር ይመለስ በነበረበት ጊዜ

እንደሚታወቀው ሁሉ በባላገር ቤት ውስጥ የሚጣል ነገር ጥቂት ነው። የምድጃው አመድ ከበረት ከሚወጣው ፍግ ጋር ወደ ጓሮ ይሄድና ጎመኑን ያፋፋል። የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል። ጭዱ ከጭቃ ጋር ይቦካና ግድግዳ ይመረግበታል። እንስራ እንኳ ቢሰበር ገሉ ከጎረቤት ፍም ለመጫሪያና ዕጣን ለማጨሻ ያገለግላል። ከዚህ ሁሉ የተረፈውም ቢሆን በጥቂት ጊዜ ውስጥ በስብሶ አፈር ይሆናል። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ጥራጊን ከደጅ አውጥተው መድፋታቸው ስንፍና አልነበረም፤ የሚደፉት ነገር ምድር የምትቀበለው ነበርና።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቈረቈረች ጊዜ ነዋሪው ይህንኑ ልማድ ይዞ መጣ። ከተማዪቱ በመጀመሪያ የሰፈሮች ስብስብ ነበረች፤ ይኸውም በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ተከታዮቻቸው የሰፈሩባቸው፣ በመካከላቸው ሜዳና ሸለቆ ያለባቸው መንደሮች ማለት ነው። እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉት ስሞች እስከ ዛሬ ድረስ ይህንኑ ያስታውሱናል። ጥራጊው በየሸለቆው ይጣላል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠርጎ ወደ ቀበና፣ ወደ ግንፍሌና ወደ ባንተ ይቀጡ ወንዞች ያወርደዋል።

የታረደ ከብት ቅሪትና የሞተ እንስሳ ደግሞ ሌላ ጠራጊ ነበረው፤ እርሱም ጅብ ነው። በዚያን ዘመን ከተማዪቱን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ደጋግመው ከጻፉአቸው ነገሮች አንዱ፣ ሌሊት ሌሊት ከየጎሬው እየወጣ በየመንገዱ የተጣለውን ጥንብ ስለሚያነሣው ጅብ ነው። እንግዲህ ከተማችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ጠራጊዎች ነበሩአት ማለት ይቻላል፤ አንዱ ጎርፍ፣ ሁለተኛው ጅብ። ጅቡ የሚሠራው ሰው በተኛበት ሰዓት ነው፤ ጎርፉም የወሰደውን ወዴት እንዳደረሰው የሚከታተለው የለም። ስለዚህ ነዋሪው ጧት ተነሥቶ ደጁን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ጥራጊው የጠፋ ይመስለው ነበር።

ከዐይን የራቀ ነገር ጠፍቶአል የሚለው ይህ አስተሳሰብ፣ የሚጣለው ነገር አመድና አጥንት በነበረበት ጊዜ ብዙ ጉዳት አላደረሰም። የሚጣለው ነገር ከተለወጠ በኋላ ግን አስተሳሰቡ ሳይለወጥ ቀረ። ጽሑፋችን ከዚህ በኋላ የሚናገረው ይህ አለመለወጥ ያስከተለውን ነው።

የኅዳር በሽታና ጭሱ

በ1911 ዓ.ም. በዓለም ላይ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ደረሰ። በአዲስ አበባ ላይ እጅግ የበረታው በኅዳር ወር ስለ ሆነ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ጊዜው ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ የነበሩበት ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ዳኑ። በከተማዪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ቤተ ሰብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚተኛ ውኃ የሚያቀብል፣ የሞተውንም የሚቀብር ጠፋ። ታሪክ ጸሓፊዎች በከተማዪቱ ብቻ አሥር ሺህ ያኽል ሰው እንዳለቀ ይገምታሉ።

ያን መከራ ለማስታወስ የአዲስ አበባ ሕዝብ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤቱንና ግቢውን ይጠርጋል፤ ጥራጊውንም በየደጁ ሰብስቦ ያቃጥላል። ይህ ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። በዚያን ዕለት ከተማዪቱ ከዳር እስከ ዳር በጭስ ትሸፈናለች። እኛም ሕፃናት በነበርንበት ጊዜ በእሳቱ ዙሪያ እየሮጥን፣ ልብሳችን ጭስ ጭስ እየሸተተ የምንገባበት ቀን ስለ ነበረ እንደ በዓል እንጠብቀው ነበር። ለምን እንደሚደረግ ግን ከመካከላችን ያወቅን ጥቂቶች ነን። ለዚህ ጽሑፍ ስንጠይቅ አንዳንድ ወላጆቻችንም ልማዱን እንጂ ታሪኩን እንደማያውቁ ነገሩን።

ይህን ልማድ ከሁለት ወገን ልንመለከተው ይገባል። በአንድ ወገን እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሙሉ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ እንኳ ሳይቋረጥ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። ለዚህ ቀጪ አያስፈልገውም፤ ጎረቤቱ ደጁን ሲጠርግ አይቶ እርሱም ይጠርጋል። በፈቃድ የሚደረግ የጽዳት ሥራ ከውጭ አገር የመጣልን አዲስ ነገር ነው ለሚሉት ይህ ቀን በቂ መልስ ነው።

በሌላ ወገን ግን እውነቱን መደበቅ አይገባም። የኢንፍሉዌንዛ በሽታ የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም ተለይቶ የታወቀው በ1925 ዓ.ም. ነው። በ1911 ዓ.ም. የነበሩ ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። በሽታ ከመጥፎ አየር ይመጣል ብለው ስለሚያምኑ አየሩን በጭስ ማጠን መድኃኒት መሰላቸው፤ በዚህም ሊነቀፉ አይገባም። ዛሬ ግን በኅዳር 12 እሳት ውስጥ የሚገባው ቅጠልና ገለባ ብቻ አይደለም። ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ጫማና ስፖንጅ አብሮ ይቃጠላል። ከእነዚህ የሚወጣው ጭስ መርዝ ያለበት ስለ ሆነ፣ በሽታን ለማባረር የተጀመረው ልማድ ራሱ ሳንባን የሚጎዳ ሆኖአል። ጎርፍና ጅብ ይሠሩት የነበረውን ሥራ እሳት ሦስተኛ ሆኖ ያዘው ማለት ነው። ክምሩ ከዐይናችን ይርቃል፤ ነገር ግን በትንፋሻችን ይመለሳል።

ከማዘጋጃ ቤት እስከ ቆሼ

ከተማዪቱ እየሰፋች በሄደች ጊዜ ጥራጊን ማንሣት የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሆነ። መንገድ የሚጠርጉ ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ ጥራጊ የሚጭኑ መኪናዎችም ተሰማሩ። የጤና ትምህርትም እንዲሁ ተስፋፋ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን ከማሠልጠኑም በላይ ሳኒተሪያን የሚባሉ ባለሙያዎችን አወጣ። የእነዚህ ሥራ በሽተኛን ማከም ሳይሆን ሕዝቡ እንዳይታመም ስለ ውኃ ንጽሕና፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ ጥራጊ አወጋገድ ማስተማር ነበር። ዝንብ ከጥራጊው ተነሥቶ ከማዕዱ ላይ ሲያርፍ የሚያመጣውን በሽታ ለባላገሩ በቃልና በሥዕል ያስረዱ ነበር።

በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ከተማችን የአህጉሩ እንግዳ ተቀባይ ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት፣ ማለት በ1956 ዓ.ም.፣ በከተማዪቱ ደቡብ ምዕራብ ረጲ በሚባለው ስፍራ ሰፊ የጥራጊ መድፊያ ተከፈተ። ስፋቱ 36 ሄክታር ያኽላል። ሕዝቡም ስሙን ከሥራው አውጥቶ «ቆሼ» አለው።

ቆሼ በተከፈተበት ጊዜ ከከተማው ውጭ ስለ ነበረ ምርጫው መጥፎ መስሎ አልታየም። መኪናዎቹ በየቀኑ ከየሰፈሩ እያነሡ እዚያ ይደፋሉ፤ የከተማውም ሰው ደጁ ስለ ጠራለት ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጠይቅም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ባንድነት እያደጉ ሄዱ። አንደኛው ክምሩ ነው፤ ሜዳ የነበረው ስፍራ ጉብታ፣ ጉብታውም ኮረብታ ሆነ። ሁለተኛው ከተማው ራሱ ነው፤ እየሰፋ ሄዶ ከከተማ ውጭ የነበረውን ቆሼ በቤት ከበበው። ስለዚህ «ውጭ» የሚባለው ቦታ ሳይንቀሳቀስ በመካከላችን ተገኘ።

ዘመቻና ፈቃድ

አሁን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ስለሚያደርገው ጽዳት ጥቂት እንናገር። በአገራችን የጋራ ሥራ ብዙ ስም አለው፤ ደቦ፣ ጅጊ፣ ወንፈል እንለዋለን። አዝመራ ሲደርስ ወይም ቤት ሲሠራ ጎረቤት ተጠራርቶ ይወጣል። ያልወጣ ሰው የሚቀጣው በገንዘብ አይደለም፤ በእርሱ ቀን ሰው ሲያጣ ይቀጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ምሳሌም የተነገረው ለዚህ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ጽዳት «ዘመቻ» ተባለ። በዚያን ጊዜ ወጣት የነበሩ የሰፈራችን አረጋውያን እንደ ነገሩን፣ በበዓል ዋዜማና እንግዳ በሚመጣበት ጊዜ ነዋሪው እየተጠራ ቦይ ይጠርግ፣ ድንጋይ ይለቅም ነበር። አንዳንዶቹ ያን ጊዜ በናፍቆት ያስታውሱታል፤ ሰፈሩ በእውነት ይጸዳ ነበር ይላሉ። ሌሎቹ ግን ስም እየተጻፈ፣ የቀረ ሰው እየተጠየቀ የሚደረግ ስለ ነበረ፣ ጠሪው ሲቀር ሥራውም አብሮ ቀረ ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው ብለን እናምናለን። ግዳጅ ሰውን በአንድ ቀን ያወጣል፤ በማግስቱ ፌስታል ከመጣል ግን አይከለክለውም።

በዚህ ረገድ የሁለት አገሮች ታሪክ ትምህርት ይሰጠናል። በሩዋንዳ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጧት ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነው ሰው ሁሉ ለጋራ ሥራ ይወጣል፤ ይህም «ኡሙጋንዳ» ይባላል፤ በሕግ የታዘዘ ነው። ነገር ግን ሩዋንዳ በመጥረግ ብቻ አልተወሰነችም። እ.ኤ.አ. በ2008 የፕላስቲክ ከረጢትን በሕግ ከለከለች። ይኸውም የሚጠረገውን ከመጥረግ አስቀድሞ የሚጣለው እንዲቀንስ አደረገች ማለት ነው።

ሁለተኛዪቱ ኤስቶኒያ ናት። በዚያችው ዓመት በግንቦት 3 ቀን፣ እንደ እኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከ1.3 ሚሊዮን ያኽል ሕዝቧ መካከል 50,000 የሚሆኑ ሰዎች በፈቃዳቸው ወጥተው በአንድ ቀን 10,000 ቶን ያኽል ጥራጊ ከዱርና ከመንገድ ዳር አነሡ። ይህን የሰማ ሰው የሚደነቀው በዕለቱ ሥራ ነው። እኛን ያስደነቀን ግን ከዕለቱ በፊት የተሠራው ነው። ሰዎቹ አካፋ ከማንሣታቸው በፊት ጥራጊ የተጣለባቸውን ከአሥር ሺህ በላይ ስፍራዎች በካርታ ላይ መዝግበው ነበር። ይህ ምሳሌ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቶ መስከረም 5 ቀን 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም የጽዳት ቀን ተከበረ። እኛ በወንዛችን ዳር ካደረግነው ጋር ስናስተያየው ጉድለታችን የጉልበት እንዳልነበረ እንረዳለን። ጉልበት ነበረን፤ የጐደለን ከጉልበቱ በፊትና በኋላ የሚመጣው አሳብ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወደ ቆሼ እንመለስ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለ መለየት ሲደፋበት የኖረው ኮረብታ በላዩና በግርጌው ብዙ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። አንዳንዶቹ ከክምሩ ብረት፣ ፕላስቲክና ጨርቅ እየለቀሙ በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ የቤት ኪራይ የሚረክስበትን ቦታ ፈልገው ጭቃ ቤት የሠሩ ወይም የተከራዩ ናቸው።

ለዚህ ኮረብታ ምትክ እንዲሆን በሰንዳፋ አጠገብ አዲስ መድፊያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ውኃችንንና ከብታችንን ይጎዳብናል ብለው ስለ ተቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ፤ መኪናዎቹም እንደ ገና ወደ ቆሼ ተመለሱ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ገበሬዎቹ ለምን እንቢ አሉ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን የከተማው ጥራጊ በእኛ ጓሮ ይደፋ ቢባል ከመካከላችን እሺ የሚል ማን ነው?

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ኮረብታ አንዱ ጎኑ ተንዶ በግርጌው ያሉትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ቁፋሮው ቀናት ወሰደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በመላው አገር የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ።

ስለዚህ አደጋ ስንወያይ ከመካከላችን አንዲት ልጅ የተናገረችውን ልንተወው አልቻልንም። እነዚያን ሰዎች የቀበራቸው አፈር አይደለም፤ እኛና ወላጆቻችን ለሃምሳ ዓመት ከደጃችን ያወጣነው ነው፤ አለች። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። በእርግጥ ሰዎቹ እዚያ እንዲኖሩ ያደረጋቸው ድኽነት ነው፤ ክምሩም እንዲናድ ያደረጉት ብዙ ምክንያቶች ናቸው። ይሁን እንጂ የብርቱካን ልጣጭና ባዶ ጠርሙስ ከእጃችን በወጣ ጊዜ ጠፍቶአል ብለን የምናስበው አሳባችን ሐሰት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ከአደጋው በኋላ፣ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም.፣ እዚያው ረጲ ጥራጊን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። የታቀደው በቀን 1,400 ቶን ያኽል እንዲያቃጥልና 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የከተማዪቱን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሥራ ታወጀ። ሕግም አልጐደለም፤ በ1999 ዓ.ም. ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ወጥቶ ስስ ፌስታልን ከልክሎአል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጽድቆአል። ፋብሪካም ሕግም መልካም ነው። ነገር ግን ከቤት ደጃፍ እስከ ፋብሪካው በር ያለውን መንገድ የሚሸፍነው የሰው እጅ ነው።

በመካከል ያለው እጅ

ይህን እጅ ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በየሰፈራችን «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ቆርቆሮና ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማና ብረት ይገዛል፤ ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው። ልዋጭ የሚሉትም አሮጌ ልብስ ተቀብለው በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ይሰጣሉ። እነዚህ ሰዎች ከመካከላችን ማንም ሳያመሰግናቸው፣ ወደ ወንዝና ወደ ቆሼ ይሄድ የነበረውን ብዙ ዕቃ ወደ ሥራ ይመልሱታል። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጥራጊ ሰብስበው ወደ ገንዳው የሚያደርሱት በማኅበር የተደራጁት ሠራተኞችም እንዲሁ ናቸው። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

የሰፈራችንን ጥራጊ ከሚሰበስቡት እናቶች አንዷን ሄደን አነጋገርናቸው። በመጀመሪያ ለሥራቸው ፎቶግራፍ የምናነሣቸው መስሎአቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስለ ወንዛችን ስንነግራቸው ግን ሳቁና በጋሪያቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎም ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ከአውራ ጣታቸው እስከ አንጓቸው የሚደርስ ጠባሳ አሳዩን። «ልጆቼ፣ ሰው የተሰበረ ብርጭቆ በፌስታል አድርጎ ሲጥል ከቤቱ አወጣሁት ይላል እንጂ እኔ እጅ ውስጥ አገባሁት አይልም» አሉን። ከዚያም የተሰበረ ነገር በካርቶን ተጠቅልሎ ለብቻው ቢቀመጥላቸው፣ እርጥቡም ከደረቁ ቢለይላቸው፣ ሥራቸው በግማሽ እንደሚቀልላቸው ነገሩን። አስተማሪያችን የጠየቁን ጥያቄ መልሱ እዚያ እጅ ላይ ተጽፎ አገኘነው። ጥራጊ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሰው ይሄዳል።

ዘንድሮ ያደረግነው

በዚህ መሠረት ዘንድሮ ኅዳር 12 ቀን እንደ ገና ወደ ወንዛችን ወጣን። ቀኑን የመረጥነው አስበን ነው። አያቶቻችን ለሙታን መታሰቢያ የጠረጉበት ቀን ስለ ሆነ ልማዱን ልንተወው አልወደድንም፤ እሳቱን ብቻ ተውነው። ከመውጣታችን ከሁለት ሳምንት በፊት ጥራጊ የሚበዛባቸውን ስፍራዎች እየዞርን መዘገብን፤ ከማኅበሩም ጋር ጋሪዎቹ የሚመጡበትን ሰዓት ተነጋገርን። በዕለቱ በሦስት ተከፈልን። አንደኛው ወገን ቅጠልና ልጣጭ ሰብስቦ ከግቢያችን ጥግ ወደ ቆፈርነው የብስባሽ ጉድጓድ ወሰደ። ሁለተኛው ወገን ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና የውኃ ፕላስቲክ ለይቶ ለቆራሌዎች ሸጠ። ሦስተኛው ወገን የቀረውን ሞልቶ ለጋሪዎቹ አስረከበ። በዚህ ጊዜ ለጋሪዎቹ የሰጠነው አሥራ አምስት ማዳበሪያ ብቻ ነው። ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብ የእጅ ጓንት ገዝተን ለእነዚያ እናቶች ሰጠን።

ይህን የምንጽፈው ለመመካት አይደለም። ከአንድ ወር በኋላ ወንዙ ዳር ስንመለስ አዲስ ፌስታል አገኘን፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከራሳችን ምግብ ቤት የወጡ መሆናቸውን በውስጣቸው ከቀረው እንጀራ አወቅን። ይህ ከምንም ነገር በላይ አሳፈረን። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በተራ እንወጣለን፤ ምሳችንንም በፌስታል ሳይሆን በሣህን ይዘን እንድንመጣ ተስማምተናል። ስምምነቱን የሚጠብቁ አሉ፤ የሚረሱም አሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። የተሰበረውን ጠቅልላችሁ ለዩልን፤ ኅዳር 12 ቀን ስትጠርጉም ታሪኩን ለልጆቻችሁ ንገሩአቸው፤ ፕላስቲኩን ግን ከእሳቱ አውጡት። መምህራን ሆይ፣ እንደ ታሪክ አስተማሪያችን ጥያቄ ጠይቁን እንጂ ቶሎ መልሱን አትስጡን።

ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ምናልባት በሚመጣው የምሥረታ በዓል ይህን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ አውጥታችሁ ታነቡት ይሆናል። ያን ጊዜ የጻፍነው እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ከአጥሩ በስተ ጀርባ ውጡና ወንዟን ተመልከቱ። ንጹሕ ሆና ብታገኙአት ሥራችንን ቀጥላችኋልና እናመሰግናችኋለን። እንደ ድሮዋ ሆና ብታገኙአት ግን እኛን ከመውቀሳችሁ በፊት ማዳበሪያና አካፋ ፈልጉ፤ ከዚያም አስቀድሞ ጋሪው የሚመጣበትን ሰዓት ጠይቁ።